ጋቢና ውስጥ የተቀረቀረን ሰው መቁረጫ መሣሪያ በሌለበት መንገድ ላይ እንዴት እናውጣ?

ጥያቄ፦ የቁልቁለቱ አምቡላንስ

ለሁላችሁም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በሰሜን ሸዋ በአንድ ወረዳ አምቡላንስ ላይ የምሠራ የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሻን ነኝ። የምንሸፍነው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው ዋና መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፎ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድበትን ክፍል ነው። መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚረዳው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጣርማበር ጫፍ ተነሥቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ እስከሚገኘው ሸዋ ሮቢት ድረስ ቁልቁለቱም መጠምዘዣውም ፋታ አይሰጥም። ጭነት የያዘ ሲኖትራክ ፍሬኑ ሞቆ እምቢ ይላል፤ በክረምት ደግሞ ከዋሻው አፍ ጀምሮ ጭጋጉ የራስን ኮፈን እስኪከልል ድረስ ይወርዳል።

አምቡላንሳችን እንደ ብዙዎቹ የወረዳ አምቡላንሶች በዋናነት የተመደበው ለወላድ እናቶች ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ አልከራከርበትም። ነገር ግን መኪና ሲጋጭም ሲገለበጥም የሚደወለው ለእኛው ነው፤ የምንደርሰውም ብዙውን ጊዜ እኔና ሹፌሩ ብቻ ሆነን ነው።

በቅርቡ በአንድ ምሽት የደረስንበትን አደጋ ልጥቀስ። ጤፍ የጫነ አይሱዙ ቆሞ ከነበረ ከባድ መኪና ኋላ ገብቶ ጋቢናው ወደ ውስጥ ተጨፍልቋል፤ የሹፌሩ እግሮች ከጉልበት በታች በመሪው ሥርና በፔዳሎቹ መካከል ተቀርቅረዋል። ሰውየው ይናገራል፣ ስሙን ይነግረናል፣ ውኃ አጠጡኝ ይላል። ከእኛ ቀድመው የደረሱ ሹፌሮችና የአካባቢው ገበሬዎች በቅን ልብ ተሯሩጠው፣ መኪኖቹን በሰንሰለት ጎትተው ሊያላቅቁ ሞተር አስነሥተው ነበር። በእኔ እጅ ያለው የአንገት ማሰሪያ፣ ፋሻ፣ መቀስ፣ ኦክስጅንና ጥቂት ከረጢት ፈሳሽ ብቻ ነበር። ጉተታውን አስቁመን፣ በሁለት ክሪክና በባሕር ዛፍ ግንድ ቀስ በቀስ ተላቆ ደብረ ብርሃን በሕይወት ደርሷል። ይሁን እንጂ በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ የተወሰነው እያንዳንዱ ውሳኔ ማንም ባላስተማረኝ ነገር ላይ ነበር።

ሥልጠናችን ደም ስለ ማቆም፣ ስለ መተንፈሻ አካልና ስለ ማዋለድ ብዙ አስተምሮናል፤ ሰውን ከተጨፈለቀ ብረት ውስጥ ስለ ማውጣት ግን የነገረን እጅግ ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ቢሆን ይህ የሃይድሮሊክ መቁረጫና መፈልቀቂያ የያዙ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኞች ሥራ ነው። እነርሱ በማይደርሱበት ቁልቁለት ላይ እኛ ምን ማድረግ ይገባናል? ከምን ብንቆጠብ ይሻላል? ቀድሞን የሚደርሰውን ሕዝብ እንዴት ነው የምንመራው? ከወረዳው ጋር ስለ በጀት ስንነጋገርስ መጀመሪያ ምን እንጠይቅ? በሕክምናውም በመኪናውም በኩል ልምድ ያላችሁ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ፦ ሐኪም ከደብረ ብርሃን

ውድ እህቴ፣ እኔ የምሠራው ተጎጂው ከአምቡላንስ በሚወርድበት በር ላይ ስለሆነ፣ እናንተ በመንገድ ላይ ያደረጋችሁትና ያላደረጋችሁት ነገር በእኛ እጅ ምን ሆኖ እንደሚገለጥ ልንገርሽ።

ስለ ተቀረቀረ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ብረቱ የተነሣበት ቅጽበት የመዳኛ ብቻ ሳይሆን የአደጋም ቅጽበት መሆኑ ነው። እግር ወይም ጭን ለረጅም ጊዜ፣ በተለይ ከአንድ ሰዓት በላይ፣ ተጨፍልቆ ሲቆይ በጫናው ሥር ያለው ጡንቻ መሞት ይጀምራል፤ በውስጡ የነበረው ፖታሲየምና ሌላው የጡንቻ ፍርስራሽ እዚያው ታግዶ ይቆያል። ጫናው በድንገት ሲነሣ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ደም ዝውውር ይገባል። ፖታሲየሙ ልብን ሊያቆም ይችላል፤ የቀረው ፍርስራሽ ደግሞ በሚቀጥሉት ሰዓታትና ቀናት ኩላሊትን ይዘጋል። ሲያወራ የነበረ ሰው ከወጣ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ጸጥ ማለቱን ሕዝቡ «ሲነካ ሞተ» ብሎ የሚናገረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለዚህ ክሪኩ ከመሥራቱ በፊት በክንዱ ላይ የደም ሥር መስመር ክፈቱና ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ፈሳሽ) ጀምሩ። ሪንገር ላክቴት የሚባለው ሌላው ፈሳሽ በውስጡ ፖታሲየም ስላለበት ለዚህ አይመረጥም። ከጫናው በላይ የደም ማቆሚያ ማሰሪያውን ሳታጠብቁ አዘጋጅታችሁ አስቀምጡ፤ ብረቱ ራሱ የተቆረጠ የደም ሥር ደፍኖ ይዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ሲነሣ ደሙ ቢፈነዳ ወዲያውኑ ማጥበቅ ትችላላችሁ። ካጠበቃችሁም ሰዓቱን በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ግንባሩ ላይ ለጥፉልን።

ሁለተኛው ጠላት ብርድ ነው። ጣርማበር ላይ በሌሊት የሚደማ ሰው ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ ደሙ የመርጋት ኃይሉን ያጣል፤ የበለጠ ይደማል፣ ስለዚህም የበለጠ ይቀዘቅዛል። የተቀረቀረው ሰው ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ጋቢ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጀርባውና ከሥሩም ይደረግለት፤ የረጠበ ልብሱ ተቀዶ ይውጣ። ውኃ ለለመናችሁ ሰው ከንፈሩን አርጥቡለት እንጂ አታጠጡት፤ ምናልባት ሲደርስ በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ይገባል።

አንድ ነገር ልጨምር። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለው መድኃኒት ከወሊድ በኋላ ለሚፈስ ደም በዓለም ጤና ድርጅት የተመከረ በመሆኑ ለእናቶች አገልግሎት የሚውል ነው፤ በአደጋ ለሚደማ ሰውም ጉዳቱ በደረሰ በ3 ሰዓት ውስጥ 1 ግራም በደም ሥር በ10 ደቂቃ ቀስ ብሎ ሲሰጥ ሕይወት እንደሚያድን ተረጋግጧል። ከ3 ሰዓት በኋላ ግን አይሰጥም። አምቡላንሳችሁ የእናቶች ነው ከተባለ፣ ይህ መድኃኒት በውስጡ እንዲቀመጥ መጠየቅ ከማንም ጋር የሚያጋጭ አይመስለኝም። አሰጣጡን ግን ከጤና ጣቢያችሁ ኃላፊ ጋር አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙበት።

ለእኛም አስቀድማችሁ ደውሉ። ሰውየው ገና ሳይወጣ «እግሩ ከተቀረቀረ ይህን ያህል ሰዓት ሆኖታል» የሚል አንድ ስልክ ደም፣ የቀዶ ሕክምና ክፍልና የልብ መከታተያ እንድናዘጋጅ ጊዜ ይሰጠናል።

መልስ፦ የቀድሞ ሹፌር፣ ሸዋ ሮቢት

ልጄ፣ ዕድሜዬን በዚያ መንገድ ላይ በከባድ መኪና ሹፌርነት አሳልፌ አሁን ጋራዥ ያለኝ ሰው ነኝ። ዶክተሩ ስለ ሰውየው የተናገሩትን ሰምቻለሁ፤ እኔ ስለ ብረቱ ልናገር።

ጉተታውን ማስቆምሽ ልክ ነበር። ሁለት የተጠላለፉ መኪኖች ሲጎተቱ ብረቱ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም፤ አንዱ ጫፍ ሲላቀቅ ሌላው ወደ ሰውየው ይገባል፤ ሰንሰለት ሲበጠስም የቆመውን ሰው ይቆርጣል። ከዚህም በፊት መደረግ ያለበት መኪናውን ማቆም ነው። ቁልቁለት ላይ የተጋጨ መኪና ቆሟል ተብሎ አይታመንም። ታኮ ከሁሉም ጎማ ሥር ይግባ፤ ከተቻለ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ሞተሩ ይጥፋ፤ ቁልፉ ወጥቶ አንድ ሰው ኪስ ይግባ። ከዚያ ባትሪው ይፈታ፣ አስቀድሞ ኔጋቲቩ። ነዳጅ ፈሶ ከሆነ ብርሃን በስልክ ወይም በእጅ ባትሪ ብቻ ይሁን፤ ሲጋራ የያዘውንም፣ ክብሪት የሚጭረውንም አርቁልኝ።

አሁን ወደ እግሩ እንምጣ። ብረት ከመንካታችሁ በፊት ወንበሩን ሞክሩ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ወንበሩ ወደ ኋላ የሚሸሽበት ማንሻ ካልተበላሸ፣ አንድ ሰው ከኋላ ሰውየውን ደግፎ ይዞ ሌላው ማንሻውን ሲስብ አንድ ስንዝር ቦታ ይገኛል፤ አንድ ስንዝር ደግሞ ብዙ ነው። ማንሻው ከተጨፈለቀ የወንበሩን ስፖንጅ በቢላዋ ቀዳችሁ አውጡት፤ ሰውየው ራሱ ወደ ታችና ወደ ኋላ ይወርዳል። ቀጥሎ ጫማው ነው። እግር በፔዳል ሥር ሲያዝ ብዙ ጊዜ የተያዘው ጫማው ነው፤ ክሩን ቆርጣችሁ፣ ተረከዙን ቀዳችሁ እግሩን ከጫማው ውስጥ አውጡት። ያም ካልሆነ ጠንካራ ገመድ ከፔዳሉ ጋር ይታሰርና ሌላው ጫፉ በከፊል ከተከፈተው በር ጋር ይያያዝ፤ በሩ በጉልበት ወደ ውጭ ሲከፈት ፔዳሉን ወደ ጎን ያጥፈዋል። እግሩ ፔዳሉ በሚታጠፍበት በኩል እንዳይሆን ግን አስቀድማችሁ በእጅ ዳብሳችሁ አረጋግጡ።

ክሪክ የመጨረሻው ነው። ዘይት ክሪክ በወለሉና በዳሽቦርዱ ሥር መካከል ሲቆም ከታችም ከላይም ወፍራም ጣውላ ካልተደረገለት ቆርቆሮውን ቀዶ ይገባል እንጂ አያነሣም። በአንድ ክሪክ ብቻ አትመኑ፤ በሁለት ሆኖ በየተራ ጥቂት ጥቂት ይነሣ፤ በተነሣ ቁጥር ደግሞ ከጎኑ ግንድ አግድምና ቁልቁል እየተነባበረ ይደርደር፤ ክሪኩ ቢከዳ ብረቱ ግንዱ ላይ እንዲያርፍ። በእኛ አገር ባሕር ዛፍ የሌለበት ደጅ የለምና፣ በልክ የተቆረጠ ግንድ ከአምቡላንሱ ጣሪያ ላይ አስቀምጡ። መሪውን በሰንሰለት አስሮ ወደ ፊት መሳብ በድሮ መኪና ይደረግ ነበር፤ አሁን ግን የመሪው ዘንግ መጋጠሚያ ስላለው ተፈንቅሎ ሰውየውን ሊመታ ይችላልና አልመክርም።

ለወረዳው የምትጠይቁትም ይኸው ነው፤ ሁለት ዘይት ክሪክ፣ ታኮ፣ ጣውላ፣ የብረት መጋዝ፣ ማርቴሎ፣ ፌሮ፣ ረጅም ገመድና ወፍራም ጓንት። የፊት መስታወት በመጋዝ እንጂ በመዶሻ አይወጣም፤ የጎኑ ግን ጠርዙ ላይ በሹል ብረት ሲመታ አንዴ ይረግፋል። ፕላስተር ብትለጥፉበት ሰውየው ላይ አይበተንም።

መልስ፦ ነርስ፣ መርሐቤቴ

የሁለቱንም ምክር በአክብሮት ተቀብዬ ሳለሁ፣ አንድ ነገር ግን በጥንቃቄ እንድንነጋገርበት እፈልጋለሁ። «ቆይ፣ ቀስ በል» የሚለው መመሪያ ወደ ዓለም ከተማ ስንወርድ በጀማ ሸለቆ ሁልጊዜ አይሠራም። መኪናው የሚጤስ ከሆነ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ፣ ሰውየው መተንፈስ ካቆመና እዚያው እንዳለ አየር ማስገባት ካልተቻለ፣ ወይም ደሙ እጃችን በማይደርስበት ቦታ የሚፈስ ከሆነ፣ አከርካሪው ቢጎዳም ባይጎዳም ይወጣል። የአንገት ማሰሪያ የምንፈልገው ለሚኖር ሰው ነው። ሕዝቡ «ባለሙያዋ አትንኩ ብላለች» ብሎ በእሳት ፊት ቆሞ ሊያይ ስለሚችል፣ ይህን ልዩነት ለሕዝቡም አስቀድመን ልናስተምረው ይገባል።

የእኛ ዋና ችግር ደግሞ ከጋቢና ማውጣት ሳይሆን ከገደል ማውጣት ነው። መኪናው ከመንገዱ ሥር ርቆ ሲወርድ፣ በአይሱዙ ጭነት ላይ የተሳፈሩ ሰዎች በቁልቁለቱ ሁሉ ተበትነው ይገኛሉ፤ አንዳንዶቹም በእህል ጆንያ ሥር ናቸው። ስለዚህ ከሞት የተረፈውን ረዳት ወይም ተሳፋሪ «ስንት ሰው ነበራችሁ?» ብሎ መጠየቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ቁጥሩ እስኪሞላ ፍለጋው አይቆምም። የሚጮኸው ሰው ቢያንስ እየተነፈሰ ነው፤ መጀመሪያ የምናየው ጸጥ ያለውን ነው።

በሸክሙ በኩል ከገበሬው የምንማረው ይበልጣል። በገጠር ያለው ዕድር ለወላድና ለሕመምተኛ ቃሬዛ የማውጣት የቆየ ልምድ አለው፤ ተሸካሚ እንዴት እንደሚፈራረቅ፣ ቀጥ ባለ አቀበት ላይ ከኋላ ያለው ሰው ትከሻው የት እንደሚሆን ያውቃል። እኛ ያከልንበት ጥቂት ነው። ተጎጂው ከደረቱ፣ ከዳሌውና ከጉልበቱ በላይ ይታሰራል፤ አቀበት ሲወጣ ራሱ ወደ ላይ ይሆናል፤ ከዛፍ ጋር የተጠመጠመ ገመድ ቃሬዛውን ከላይ ይይዛል፤ ትእዛዝ የሚሰጠው የተጎጂውን ጭንቅላት የያዘው ባለሙያ ብቻ ነው። ከዕድር ዳኞች ጋር በበጋ ግማሽ ቀን ተቀምጠን ይህን በባዶ ቃሬዛ ተለማምደነዋል። ከዚያ ወዲያ በደረስንባቸው አደጋዎች ቦታ ላይ ጩኸቱ ቀንሷል፤ የተጎጂዎችን ንብረት የሚጠብቅ ሽማግሌም ራሳቸው ይመድባሉ።

ስልክ በማይሠራበት ሸለቆ ውስጥ ደግሞ እንደ ደረሳችሁ አንድ ሞተረኛ ወደ አፋፉ ወጥቶ ለሆስፒታሉ እንዲደውል ላኩ። መልእክቱን ጻፉለት፤ በቃል የተላከ መልእክት መንገድ ላይ ይለወጣል።

መልስ፦ የመንገድ ትራፊክ ባልደረባ

በአጭሩ ሁለት ነገር ላክል። በጭጋግ ውስጥ ሁለተኛው አደጋ ከመጀመሪያው የባሰ ሊሆን ይችላል። ከላይ የሚወርደው ከባድ መኪና ፍጥነቱን ለመግታት ረጅም ርቀት ስለሚያስፈልገው፣ ሰው ልካችሁ ምልክት የምታስቀምጡት ከመጠምዘዣው በዚህኛው በኩል ሳይሆን ሹፌሩ መጠምዘዣውን ከመግባቱ በፊት በሚያይበት በላይኛው በኩል ይሁን። ቅጠልና ድንጋይ ማስቀመጥ የሕዝባችን ልማድ ነው፤ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ድንጋዩ ከሥራ በኋላ መንገድ ላይ ቀርቶ በማግሥቱ ሌላ መኪና ሲገለበጥ አይተናል። ድንጋይ የሚያነሣ ሰው በስም ይመደብ። አምቡላንሱም የሚቆመው ከተጋጨው መኪና ቁልቁል በኩል ሳይሆን በላይ በኩል፣ ከመንገዱ ጠርዝ ወጥቶ፣ መብራቱን አብርቶ ይሁን።

ሁለተኛው የክፍያ ጉዳይ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ለማንኛውም የተሽከርካሪ አደጋ ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት ደንግጓል። ተጎጂው ገንዘብ የለውም ብላችሁ ወዴት እንውሰደው በሚል አትዘግዩ፤ የሰሌዳ ቁጥሩን ብቻ መዝግባችሁ ሂዱ።

ጠያቂዋ፦ የቁልቁለቱ አምቡላንስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የወንበሩና የጫማው ነገር በዚያ ምሽት ታውቆ ቢሆን ሰውየው ምን ያህል ስቃይ ይቀርለት እንደነበር እያሰብኩ ነው ያነበብኩት፤ ፔዳሉን በበር የማጠፉን ዘዴም ከሹፌራችን ጋር በአሮጌ መኪና ላይ ልንሞክረው ተስማምተናል። ለወረዳው የምናቀርበውን ጥያቄም በሃይድሮሊክ መቁረጫ ሳይሆን እርስዎ በዘረዘሩት ዕቃ ለመጀመር ወስነናል። መቁረጫው አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ደብረ ብርሃን ወይም ደብረ ሲና ላይ አንድ ቢቀመጥና የሚጠራበት መንገድ ቢታወቅ ብዙ ሕይወት ያተርፋል፤ ግን እርሱ እስኪመጣ ድረስ የሚሞተው ሰው በሁለት ክሪክ ሊተርፍ የሚችል ነው።

ሁለት ነገር ግን ገና ግልጽ አልሆነልኝም። ዶክተር፣ ሳላይኑን ከክሪኩ በፊት እንጀምር ብለዋል፤ መጠኑ ስንት ነው? ሕፃን ቢሆንስ? በሆዱ ወይም በደረቱ ውስጥ የሚደማ የሚመስለኝ ሰው ሲሆን ብዙ ፈሳሽ መስጠትን እፈራለሁ። ጋሼ፣ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ተከለከለ፣ በመንገዳችን ላይ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። ባትሪ ፍቱ ያሉት ለእርሱም ይሠራል?

መልስ፦ የቀድሞ ሹፌር፣ ሸዋ ሮቢት

ልጄ፣ ለኤሌክትሪኩ ትንሿን ባትሪ መፍታት ያው ነው፤ ግን አይበቃም። ብርቱካንማ ቀለም ያለው ወፍራም ገመድ ካያችሁ በመጋዝም በፌሮም አትንኩት፤ ትልቁ ባትሪ ወለሉ ሥር ስለሆነ ክሪክም በወለሉ መካከል አታቁሙ፤ በጎማዎቹ አጠገብ ባለው ጠንካራ ቦታ ላይ ይሁን። ድምፅ ስለሌለው ጠፍቷል ብላችሁ አትመኑት፤ ታኮ አድርጉለት። የእርሱ ባትሪ ከተጨፈለቀ ከሰዓታት በኋላም ሊነድ ስለሚችል፣ ሰው ከወጣ በኋላ ከቤትና ከሌላ መኪና አርቃችሁ አስቁሙት።

መልስ፦ ሐኪም ከደብረ ብርሃን

ፍርሃትሽ ተገቢ ነው። ለአዋቂ ጫናው ከመነሣቱ በፊት በሰዓት 1 ሊትር ገደማ፣ ለሕፃን ደግሞ በኪሎ ክብደት በሰዓት ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ይሰጣል። ይህ ግን ዋናው ችግሩ ጭፍለቃው ለሆነ ሰው ነው። ሆዱ የተነፋና የሚያመው፣ ወይም ደረቱ የተመታና ትንፋሹ የሚያጥር፣ የእጅ አንጓ ምቱ እየጠፋ የሚሄድ ሰው ከሆነ፣ ደሙን የምታቆሙት በመንገድ ላይ ሳይሆን በቀዶ ሕክምና ነው፤ ፈሳሹን የአንጓው ምት እስኪዳሰስ ድረስ ብቻ በትንሽ በትንሹ ስጡትና ከብረቱ በፍጥነት ማላቀቁን አስቀድሙ። የተቀረቀረበት ጊዜ አጭር ከሆነ፣ መስመር ለመክፈት ብላችሁ ክሪኩን አታቁሙ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሂዱ።

መስመሩ በብርድ ምክንያት አልገኝ ካለሽ ክንዱን በጋቢ ጠቅልለሽ ጥቂት አሙቂውና ደግመሽ ሞክሪ። የሳላይን ከረጢቶቹንም ሌሊት አምቡላንሱ በሚያድርበት ብርድ ውስጥ አትተዉአቸው፤ የተረኛው ባለሙያ ክፍል ውስጥ ይደሩና ጥሪ ሲመጣ ከልብሳችሁ ሥር ይዛችኋቸው ውጡ።